ቀንና ሌሊቱ ለተምታታበት ጨቅላ

አራስ ቤት ላላችሁ እናቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጨቅላው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ሌሊት ዓይኑን የሚያፈጥ ከሆነ አትደንግጡ። ቀንና ሌሊት ገና አልተለየለትም። ቀስ እያላችሁ ታለማምዱታላችሁ።

ቀን መጋረጃው ይከፈት። ጠያቂ ቢያወራ፣ ቡና ቢወቀጥ ችግር የለውም። ማታ ግን መብራቱ ደብዘዝ ይበል። ሌሊት ሲነሳ ጡት አጥቡት፣ ዳይፐሩን ቀይሩለት፣ መልሳችሁ አስተኙት። ማጫወት የለም፣ ስልክ መክፈትም የለም።

ጡት ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በምልክት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር፣ እጁን ሲልስ፣ ያኔ ስጡት። ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እያለቀሰ ጡት መያዝ ያቅተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 4 ሰዓት ሙሉ ሳይጠባ ከተኛ ቀስቅሱት። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ውስጥ እግሩን ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ እየበቃው ነው። «ጠምቶት ይሆናል» ተብሎ ውሃ፣ «አንጀቱ ይለስልስ» ተብሎ ቅቤ ማቅመስ ግን እባካችሁ ይቅር። በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል።

ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው ይሁን። አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው ወይም አልነቃ ብሎ ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።