ከ27ቱ ቀድሞ ለመራመድ፦ በአውሮፓ ኅብረት «የተጠናከረ ትብብር» እንዴት ይጀመራል?

አንድ የሕግ ሐሳብ የ27ቱ አባል አገሮች ሚኒስትሮች በሚወስኑበት በአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ተቃውሞ ገጥሞት ሲቆም፣ ፈቃደኞቹ አገሮች ሌሎቹን ሳይጠብቁ በኅብረቱ ሕግ መሠረት ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ይህ «የተጠናከረ ትብብር» ይባላል።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን ሥልጣን እንደሆነ ይጣራ። እንደ ጉምሩክና የውጭ ንግድ ያሉ ለኅብረቱ ብቻ የተሰጡ ጉዳዮች በዚህ መንገድ አይሄዱም። ቢያንስ 9 አገሮች ያስፈልጋሉ። የ27ቱ ስምምነት በተገቢ ጊዜ እንደማይገኝ ምክር ቤቱ ማረጋገጥ ስላለበት፣ የከሸፈው ድርድር ሰነድ በጥንቃቄ ይያዝ።

ጥያቄው ዓላማውንና ወሰኑን ዘርዝሮ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለሆነው ለአውሮፓ ኮሚሽን ይቀርባል። ኮሚሽኑ ሐሳቡን ካልተቀበለ ምክንያቱን ይነግራል፤ ከተቀበለ የፓርላማው ይሁንታ ይጠየቃል፣ ከዚያ ምክር ቤቱ በልዩ አብላጫ ድምፅ (የአገሮቹም የሕዝባቸውም ብዛት በሚቆጠርበት) ይፈቅዳል። በውጭና በጸጥታ ጉዳይ ግን ጥያቄው በቀጥታ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ፈቃዱም ሙሉ ድምፅ ይፈልጋል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከፈቃዱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 11 አገሮች በፋይናንስ ግብይት ላይ ታክስ ለመጣል ተፈቀደላቸው። የታክስ ሕግ በተሳታፊዎቹ መካከልም ሙሉ ድምፅ ስለሚጠይቅ የአንዷ እምቢታ ሁሉንም ያስቆማል። ኢስቶኒያ ወጣች፤ የቀሩት 10ሩም በዝርዝሩ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ። የኅብረቱ መሠረታዊ ሕግ ከሆኑት ውሎች አንዱ የሆነው የአሠራር ውል በአንቀጽ 333 ተሳታፊዎቹ በሙሉ ድምፅ ወስነው ወደ አብላጫ ድምፅ እንዲሻገሩ ይፈቅዳል (መከላከያን አይጨምርም)። በዚህ ላይ ከማመልከት በፊት መነጋገር ይበጃል፤ በኋላ የመከልከል ሥልጣኑን በፈቃዱ የሚለቅ ጥቂት ነው።

ወጪውም ቀድሞ ይሰላ። ከኅብረቱ ተቋማት የአስተዳደር ወጪ በቀር የሚከፍሉት ተሳታፊዎቹ ናቸው፤ ይህን የሚቀይረው የ27ቱ ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው።

ያልገቡት አገሮች በውይይቱ ይቀመጣሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም። በዚሁ መንገድ በተፈቀደው የጋራ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጉዳይ ጣሊያንና ስፔን ፈቃዱን በፍርድ ቤት ተቃውመው እ.ኤ.አ. በ2013 ተረቱ። ጣሊያን በ2015 ገባች፣ ስፔን ውጭ ቀረች፤ ፓተንቱም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2023 ነው። ዘግይቶ ለመግባት የሚፈልግ አገር ለምክር ቤቱና ለኮሚሽኑ ያሳውቃል፤ ኮሚሽኑ በ4 ወር ውስጥ ያጸድቃል፣ ወይም የጎደለውን መስፈርትና ቀነ ገደቡን ያመለክታል። ኅብረቱን አዲስ የሚቀላቀል አገር ግን በተጠናከረ ትብብር የወጣን ሕግ እንዲቀበል አይገደድም።