ከሰል ወይስ ፔሌት? ድሬዳዋ ላይ የጭስ ጥብስ መሥሪያ ሲመረጥ

ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ «ዕቃ ልልክ ነው፣ የትኛውን ልግዛላችሁ?» ብሎ ሁለት ፎቶ ይልካል። አንዱ ጥቁር ክዳን ያለው የከሰል ስሞከር፣ ማለትም በጭስ ማብሰያ ነው። ሌላው ስክሪንና የመብራት ገመድ ያለው፣ በተጨመቀ ሰጋቱራ የሚሠራ ፔሌት ግሪል ነው። ፎቶው ላይ ፔሌቱ ያምራል። ድሬ ላይ ግን ነገሩን የሚወስኑት መብራት፣ ማገዶ እና እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

1. መጀመሪያ አሠራራቸውን ለዩ

ሁለቱም ሥጋን በተዘጋ ክዳን ውስጥ በዝግታ ያበስላሉ። ሙቀቱ ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ጭሱም አብሮ ይገባል። በአንዴ ጨስ ብሎ ከሚወርደው የሥጋ ቤት ጥብስ ጋር አታምታቱት።

በከሰል ስሞከር ከሰሉ ከታች፣ ሥጋው ከላይ ነው። ሙቀቱን የሚያዘው አየር ነው። የታችኛው ቀዳዳ ሲከፈት እሳቱ ይነሳል፣ ሲጠብ ይረግባል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ፔሌት ግሪል ግን ሙሉ ማሽን ነው። ፔሌት ማለት ተጨምቆ ትንንሽ ፍሬ የሆነ ሰጋቱራ ነው። ከጎን ባለው ሳጥን ይሞላል። ልክ በሥጋ መፍጫ ውስጥ እንዳለው ያለ ጠመዝማዛ ብረት በሞተር እየዞረ ፔሌቱን ወደ ትንሽ የእሳት ጽዋ ይገፋዋል። በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ ያቀጣጥለዋል፣ ማራገቢያ አየር ይሰጠዋል፣ መቆጣጠሪያው ሙቀቱን እየለካ ይመጥናል። ጆ ትሬገር የተባለ አሜሪካዊ ኦሪገን ውስጥ ሠርቶት በ1986 እ.ኤ.አ. ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣበት። የፓተንቱ ጊዜ ሲያልፍ ሌሎች ኩባንያዎችም ገቡበት። ዛሬ የብራንድ ብዛት የሚያደናግረን ለዚህ ነው።

2. መብራቱን አስቡበት

ፔሌት ግሪል ያለ መብራት አይሠራም። ሲቀጣጠል ከ200 እስከ 300 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ 50 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ ደህና ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ሊይዘው ይችላል።

ትልቁ ወጥመድ ቮልቴጁ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ መስመር 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት መቆጣጠሪያው በደቂቃ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይለውጥም። እዚያ 60 ኸርዝ፣ እዚህ 50 ነው። በዚህ የተነሳ የአንዳንዱ ማሽን ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል። ዘመዳችሁን «ለአውሮፓ የተሠራ 220 ቮልት ሞዴል አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሌለ ይቅርባችሁ።

ሥጋው ግማሽ ላይ እያለ መብራት ቢሄድስ? ክዳኑን አትክፈቱ። መብራቱ ሲመለስም ዝም ብላችሁ አታስነሱት። በጽዋው ውስጥ የተጠራቀመ ፔሌት ካለ አንዴ ቦግ ሊል ስለሚችል፣ ከበረደ በኋላ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ያልበሰለ ሥጋ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሀል ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ 32 ዲግሪ ምን አላት? ስለዚህ መብራቱ ቶሎ ካልመጣ ሥጋውን ወደ ከሰል ምድጃ አዙሩት።

3. ማገዶው ከየት ይመጣል?

እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህንን ነው። ማሽኑ አንዴ ይገባል፣ ፔሌቱ ግን ሁልጊዜ መግባት አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበላል። ለስምንት ሰዓት ሥራ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። የተለመደው ከረጢት 9 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ድግስ ቢበዛበት ነው። እርጥበት ከነካው ደግሞ አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል፣ ጠመዝማዛውንም ይዘጋዋል። «የቤት ማሞቂያ» ተብሎ የሚሸጠውን ፔሌት ለምግብ አትጠቀሙበት። የሚቀጥለውን ከረጢት ከየት እንደምታገኙ መልስ ከሌላችሁ ማሽኑን አትግዙ።

ከሰሉ ግን ቀፊራ ገበያ አለ፣ ሰፈር ሱቅ አለ። ከባድና ጠንካራውን ምረጡ፣ የግራር ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለት ከሰል ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ለረጅም ሰዓት አይሆንም። የጆንያውን ግርጌ ሳታዩ አትክፈሉ፣ ዱቄቱ እዚያ ነው የሚደበቀው።

ጭሱን የሚሰጠው ግን ከሰሉ ብቻ አይደለም። ፍሙ ላይ ጣል የሚደረግ ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከማንም አናንስም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ስናጥን ኖረናል፣ ወይራው ለሥጋም ይሆናል። ገበያ ላይ ለማጠኛ ከሚሸጠው ሁለት ሦስት ቁራጭ ይበቃል። የማንጎ፣ የዘይቱንና የብርቱካን ደረቅ እንጨትም ደህና ነው። በአፋር ሜዳ የተዛመተው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ እንኳ የአሜሪካ ቴክሳሶች ለሥጋ ጭስ ከሚመርጡት ከመስኪት ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው። ባሕር ዛፍና ጥድ ግን አይሆኑም፣ ዘይታቸውና ሙጫቸው ሥጋውን ያመረዋል። ቀለም የተቀባ ጣውላማ ጭራሽ አታስጠጉ።

4. ማን ይጠብቀዋል?

ፔሌት ግሪል ሙቀቱን ራሱ ይይዛል፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ከሰል ግን በየአርባ ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ዓይን ይፈልጋል። በእርግጥ በርጫ ላይ ከምሳ እስከ ማታ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ችግር አይደለም፣ ለመነሳት ብቻ ይስነፍ ይሆናል። ምግብ ቤት ካላችሁ፣ ጀነሬተር ካላችሁ፣ ፔሌት የሚያመጣም ሰው ካላችሁ ፔሌት ግሪል ገንዘቡን ይመልሳል። ለተራው የድሬ ግቢ ግን ከሰል ይሻላል ባይ ነኝ።

ጣዕሙን በተመለከተ አጭር ነው። ፔሌት ንጹሕ ስለሚነድ ጭሱ ለስለስ ይላል። የከሰሉ ጠንከር ይላል።

5. ከሰልን ከመረጣችሁ፣ ብየዳ ቤት ሂዱ

ከውጭ ማስመጣት የግድ አይደለም። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ግሩም ስሞከር ይወጣዋል። የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልጉ፣ ኬሚካል የያዘውን አቦ በጭራሽ! ውስጡ ቀለም ካለው ባዶውን በኃይለኛ እሳት አቃጥሉና ፋቁት።

ለበያጁ እንዲህ በሉት። ከታች 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው አራት የአየር ቀዳዳዎች በዙሪያው ይብሳ፣ መዝጊያም ይሥራላቸው። ክዳኑ ላይ የጭስ መውጫ ይኑር። ከሰሉ የሚቀመጥበት የሽቦ ቅርጫት እግር ይኑረው፣ አመዱ ከታች እንዲወርድ። የሥጋው ፍርግርግ ከቅርጫቱ በላይ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን። ዚንክ የተነከረ ብረት ግን ለፍርግርጉም ለቅርጫቱም አይጠቀም፣ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ክዳኑ ላይ ቴርሞሜትር ይግባበት።

የሚቀመጠው ሜዳ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ወይም የተዘጋ በረንዳ ላይ አይሆንም፣ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

6. በዶሮ ጀምሩ

ቅርጫቱን ባልነደደ ከሰል ሙሉ፣ መሀሉን ጎድጉዱና ጥቂት የቀላ ፍም ጨምሩበት። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል። ነጭና ወፍራም ጭስ እስኪሳሳ ሥጋ አታስገቡ፣ ይመራል። ወደ 120 ዲግሪ ሲጠጋ ቀዳዳዎቹን አጥብቡ። ካለፈ በኋላ መመለስ ያደክማል።

ዶሮው በወፍራሙ ቦታው 74 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። እጃችሁ ሲለምድ ወደ ፍርምባ እለፉ። የሐረርጌ ሰንጋ በእጅ እየተቀለበ ስለሚሰባ ስብ አለው፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም እሱ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ስቡን ጠርጎ እንዳይሰጣችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ሦስት ኪሎው ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 70 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሙቀቱ ለሰዓታት አልነቃነቅ ይላል። ሥጋው እያላበው ስለሚቀዘቅዝ ነው፣ ከሰል አትጨምሩ። በፎይል ወይም በሙዝ ቅጠል ጠቅልላችሁ መልሱት። 95 ላይ ሲደርስ አውጡና ግማሽ ሰዓት ሳትቆርጡት ይረፍ።

ስትጨርሱ ቀዳዳውንም ክዳኑንም ግጥም አድርጉ። እሳቱ አየር አጥቶ ይጠፋል፣ የተረፈው ከሰልም ለሌላ ቀን ይሆናል። አመዱን ግን ሙሉ ቀን ሳያድር ወደ ላስቲክ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አትድፉት።