ታድሶ የመጣ የጭነት መኪና ሞተር ሲያስቸግር፦ ከቶርኖ ቤት የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

መካኒኩ "ቶርኖ ቤት ይለኩታል" ብሎ የሞተሩን ዕቃ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት ወደሚቦረቦርበትና ወደሚሞረድበት ወርክሾፕ፣ ይልካል። ቶርኖ ቤቱ "ለክተው ነው ያመጡት" ብሎ ይሠራል። በዚህ መሀል ማንም ያልለካው ሞተር ይገጠማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጨሳል ወይም ይፈላል፣ ባለቤቱም በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይከርማል። አሮጌ ሞተር ከታደሰ በኋላ የሚያሳያቸው ችግሮች አብዛኞቹ እዚህ ርክክብ ላይ የተፈጠሩ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ፊያት 682 ኤንትሬን (N3)፣ የድሮውን የጣሊያን የጭነት መኪና፣ እያሰብኩ ነው። የ682 ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ የኤንትሬ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ናፍጣ ነው። የአሰብን መንገድ ያውቃል፣ ዛሬም የሚያሳድሰው ሰው አልጠፋም። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች በጥቅሉ የሚሠሩ ናቸው፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ የመጽሐፉ ቁጥር ይቅደም።

ምልክት፦ ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት ይበላል

ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከካሚቻው (ፒስተኑ ከሚንሸራተትበት የሲሊንደር ግድግዳ) ጋር እስኪላመድ ድረስ ጥቂት ዘይት መብላቱ ያለ ነገር ነው። ሳይቀንስ ከቀጠለ ግን መጀመሪያ ከየት እንደሆነ ይለዩ። አድሮ ሲነሳ ወይም ቆሞ ብዙ ከሠራ በኋላ ቡፍ የሚል ጭስ ከሆነ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ይጠርጠር። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ያለማቋረጥ የሚጨስ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም እየነፋ ዘይት የሚተፋ ከሆነ ጉዳዩ የፋሻና የካሚቻ ነው።

ቀዳሚው ምክንያት ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ካለቀ በኋላ ፒስተን መገዛቱ ነው። ቶርኖ ቤቱ "ሃምሳ ሳይዝ አድርጌዋለሁ" (በ0.50 ሚሊሜትር አስፍቼዋለሁ) ይላል፣ ባለቤቱ "ሃምሳ" የተጻፈበት ካርቶን ገዝቶ ይመጣል። በካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍና ውስጥ ያለው ፒስተን ደግሞ ሁልጊዜ አይገናኙም። መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ፒስተኑና ፋሻው አስቀድመው ይገዙ፣ እያንዳንዱ ፒስተን በማይክሮሜትር ይለካ፣ ከዚያ ቶርኖ ቤቱ በእጁ ባለው ፒስተን ልክ ይቦርቡር። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ቶርኖ ቤት ቢረክስም አይመከርም።

ሁለተኛው ምክንያት ሲሊንደሩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክቶ ማለፍ ነው። ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሞተሩ ርዝመትና በወርዱ አቅጣጫ ይለካል። ለአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር፣ ለኤንትሬ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ማለት ነው። ይበዛል የሚል ባለሙያ ያጋጥማል፤ ግን ሞላላ የሆነን ሲሊንደር በዓይን ማየት የሚችል ሰው የለም።

ሦስተኛው ሆኒንግ፣ ማለትም ከቡርቦራ በኋላ ግድግዳውን በድንጋይ መሞረድ፣ ነው። የተቦረቦረ ካሚቻ እንደ መስታወት ካበራ ዘይት አይዝም፣ ፋሻውም አይላመድም። በትክክል የተሠራው ከ45 እስከ 60 ዲግሪ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ዕቃውን ሲረከቡ ባትሪ አብርተው ይዩት፤ መስመር ከሌለ እዚያው ይመልሱት።

የፋሻውን አፍ (የሁለቱን ጫፎች) ክፍተት መለካት የመካኒኩ ሥራ ነው። ፋሻውን በፒስተን ራስ ገፍተው ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርገው በፊለር (በቀጫጭን የብረት ቅጠል መለኪያ) ይለኩ፤ 120 ሚሊሜትር አካባቢ ለሆነ ሲሊንደር ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። "ቶፕ" የሚል ምልክት ካለበት ምልክቱ ወደ ላይ ይዙር። ተገልብጦ የተገጠመ ፋሻ ዘይቱን ወደ ላይ ይስባል፣ ጥፋቱም በቶርኖ ቤቱ ይላከካል።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም የሚጨስ ከሆነ ሮዳጁን (ሞተሩ የሚላመድበትን የመጀመሪያ ጊዜ) ያስቡ። አዲስ የታደሰን ናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማሠራት ካሚቻውን ያንጸባርቀዋል። መጠነኛ ጭነት ይጫንበትና ዳገት ይውጣ፤ ካልተሻለው ተከፍቶ እንደገና ሆኒንግ ተሠርቶለት አዲስ ፋሻ ይገጠምለት።

ምልክት፦ ሲቀዘቅዝ የዘይት ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ሲሞቅ ይወርዳል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የብሮንዚን፣ ማለትም ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የሚዞርበት የተሸካሚ ቅጠል፣ ክፍተት ነው። ጥቅል ልኩ በኮሎው አንገት ውፍረት ይታሰባል፤ 80 ሚሊሜትር ለሆነ አንገት 0.08 ሚሊሜትር አካባቢ። ኮሎ ሲሞረድ በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ ይወርዳል፣ 0.25፣ 0.50፣ 0.75። እዚህም ብሮንዚኑ ቀድሞ ይገዛል፣ ኮሎው በእሱ ልክ ይሞረዳል። ለማረጋገጥ ቀጭኗን የሰም ክር አንገቱ ላይ አስቀምጠው በትክክለኛ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) አስረው ይፍቱ፤ የተጨፈለቀችው ክር ስፋት ክፍተቱን ይነግራል።

ክፍተቱ ልክ ሆኖ ግፊቱ ከወረደ ሦስት ቦታ ይዩ። የካም ብሽ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ሳይቀየር ታልፎ ይሆናል። የዘይት ፓምፑ የግፊት ቫልቭ በቆሻሻ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ለማጠብ የተፈታ የዘይት መስመር ታፓ (መድፈኛ) ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፤ ይህ የሚገርም አይደለም፣ ታፓው ትንሽ ነው፣ የሚገኘውም በተደበቀ ቦታ ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የናፍጣ ሽታ ካለ ደግሞ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) እየተንጠባጠበ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ ሞተሩን አይክፈቱት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማጠብ ነው። ከቶርኖ ቤት የመጣ ሞኖብሎክና ኮሎ የዘይት ቀዳዳዎቹ የብረት ብናኝ ተሞልቶባቸዋል። "ታጥቧል" ቢባልም ታፓዎቹ ተፈትተው፣ በረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እንደገና ይታጠብ፤ እንደደረቀ ዘይት ይቀባ፣ አለዚያ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። መጀመሪያ ሲነሳም ነዳጁ ተዘግቶ በስታርተር ግፊት እስኪያሳይ ይዙር።

ምልክት፦ ራዲያተር ውስጥ አረፋ፣ ጋርኒሲዮን በድጋሚ ይቃጠላል

ጋርኒሲዮን (በቴስታታና በሞኖብሎክ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) እየቀያየሩ መቀጠል ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀምጠው በፊለር ይዩት፤ በ15 ሴንቲሜትር ርዝመት ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከገባ ተጣሟል፣ ይላጣል። በቫልቮችና በኢንጀክተር ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ ስለሚደበቅ ሳይላጥ በፊት በግፊት ይፈተሽ። ተላጥቶ ካለቀ በኋላ ስንጥቅ ማግኘት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ውሃ በቀጥታ የሚነካው ካሚቻ ላለው ሞተር ግን ዋናው ነገር ካሚቻው ከሞኖብሎኩ ፊት በላይ ምን ያህል እንደወጣ ነው። ልኩ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ አካባቢ ነው፤ በሁሉም ሲሊንደር ግን እኩል መሆን አለበት። ካሚቻው የሚቀመጥበት ደረጃ በዝገት ከተበላ ካሚቻው ይሰምጣል፣ ጋርኒሲዮኑም እዚያ ቦታ አይያዝም። ቶርኖ ቤቱ የሞኖብሎኩን ፊት ልጦ ደረጃውን ካልነካ ደግሞ ካሚቻው ከልክ በላይ ይወጣል። "ፊቱን ላጥልኝ" ሲሉ "ደረጃውስ?" ብለው ይጠይቁ።

ቴስታታ ሲላጥ የኢንጀክተሩ ጫፍ ወደ ፒስተን ይቀርባል፤ ከሥሩ በሚገባው ሮንዴላ (ቀለበት) ውፍረት ይስተካከላል።

መፍላቱ ሁሉ የጋርኒሲዮን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጣርማበር ላይ ከዚያም በታች። ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ባለበት ጤነኛ ሞተርም ይፈላል። በጣም ርካሹ ምርመራ ክዳኑ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

ምልክት፦ ጠዋት አይነሳም፣ ወይም ጥቁር ጭስ

ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለክተው ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ መጽሐፉ 25 ባር የሚል ሞተር አዲስ አበባ ላይ 19 አካባቢ ቢያሳይ ልክ ነው። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ልዩነት እንዳይኖር ነው። ከዚህም በታች ሁሉም እኩል ከወረዱ ቫልቮቹ በሙረዳ ብዛት ሰምጠው ይሆናል፤ መፍትሄው አዲስ የቫልቭ መቀመጫ ማስገባት ነው። ኮምፕረሽኑ ጥሩ ሆኖ ጥቁር የሚጨስ ከሆነ ፓምፑ ለቆላ ተስተካክሎ ነዳጅ እያበዛ ነው፤ ወደ ፓምፕ ቤት ይሂድ።

ምልክት፦ ከተገጠመ በኋላ በእጅ አይዞርም

በስታርተር አያስገድዱት። የኮሎ ብሮንዚን ካፖችን አንድ በአንድ እያላሉ ይሞክሩ፤ ሲላላ የሚዞርበት ካፕ ጥፋተኛው ነው። ካፖቹ ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል፤ ከመፈታታቸው በፊት በነጥብ ምልክት ይደረግባቸው።

ምልክት፦ ኮሎ ተሰበረ

ስብራቱን ይዩት። ከአንገቱ ጥግ ከጀመረ ሞራጁ ክብ መሆን ያለበትን ጥግ ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። ኮሎ ከመሞረዱ በፊት ስንጥቅ እንዳለው በማግኔት ይፈተሽ፤ ጥግ ክብነቱ እንዲጠበቅም በጽሑፍ ይታዘዝ።

ምልክት፦ መካኒኩም ቶርኖ ቤቱም "የእኔ አይደለም" ይላሉ

የሚዳኛቸው ወረቀት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር፣ የፒስተኑ ልክ፣ የእያንዳንዱ የኮሎ አንገት ልክ፣ ከቴስታታው የተላጠው ውፍረት፣ የካሚቻው አወጣጥ፤ እነዚህ በደረሰኙ ጀርባ ቢጻፉ ይበቃል። መካኒኩ በራሱ ማይክሮሜትር ሁለት ሦስቱን ቶርኖ ቤቱ እያለ ይለካቸውና ሁለቱም ይፈርሙ። የድሮውን ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚን በሙሉ መልሰው ይቀበሉ፤ መኪናው ጭነት ይዞ ደርሶ እስኪመለስ አይጣሉ።