በሽተኛው ከመግባቱ በፊት፦ የድንገተኛ ክፍል ቴክኒሻን ተራውን እንዴት ይሠራል?

ጅማ ላይ በድንገተኛ ክፍል የሚያድር ሰው የሚያየው የከተማዋን ሰው ብቻ አይደለም። ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ አንዳንዴም ከቦንጋ ማዶ የሪፈር ወረቀት የያዘ አምቡላንስ ይገባል። ከሂርማታ በኩል ደግሞ በባጃጅ የኋላ ወንበር፣ በወንድሙ ጭን ላይ የተጋደመ ይመጣል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ «ወደዚያ ይሂድ» ማለት ቀላል መፍትሔ አይደለም። ማከም የሐኪሙና የነርሷ ነው፤ የቴክኒሻኑ ሥራ የሚጀምረው ግን በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ሥልጠናውን ጨርሳችሁ፣ የብቃት ምዘናውን አልፋችሁ የመጀመሪያውን የሌሊት ተራ ለምትጠብቁ፣ እኔ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. ኦክስጅኑን በእጃችሁ ተረከቡ

ርክክብ ላይ «ኦክስጅን አለ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ አስም የጣላቸው እናት ከንፈራቸው ጠቁሮ ገቡ። ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር፤ የሚከፍተው ቁልፍ ግን የለም። የቀኑ ተረኛ ለሌላ ክፍል አውሶት ሄዷል። ሲስተሯ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ በሚሰጠው ፊኛ) ተራውን አየር እየሰጠች ስትጠብቀኝ እኔ ከክፍል ክፍል እሮጥ ነበር። ቁልፉ በመጨረሻ ከሕፃናት ክፍል መስኮት ላይ ተገኘ። እናትየዋ ተረፉ፤ እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቁልፉን በፋሻ ከሲሊንደሩ አንገት ጋር ሳላስር ተራ አልጀምርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ መቆሙንና በሰንሰለት መታሰሩን እዩ። እጃችሁ ቅባትም ቫዝሊንም የነካው አይሁን፤ ቅባትና በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ኦክስጅን ሲገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል። አፉን ከፊታችሁ አዙራችሁ ለአፍታ ከፈት አድርጉና አቧራውን አስወጡ፤ ከዚያ መቆጣጠሪያውን ግጠሙና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የግፊት ጠቋሚውን አንብቡ።

አሁን ስሌት። የሲሊንደሩን የውሃ መጠን (ውሃ ቢሞላ የሚይዘውን) በሊትር፣ ጠቋሚው ከሚያሳየው ባር (የግፊት መለኪያ) ጋር አባዙ። 40 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር 100 ባር ላይ ከሆነ 4,000 ሊትር ኦክስጅን አለ፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ በሽተኛ 400 ደቂቃ፣ ማለትም ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል። በሽተኛ የምናመላልስባት 5 ሊትሯ ግን 60 ባር ላይ ከሆነች ያላት 300 ሊትር ብቻ ነው፤ በዚያው ፍጥነት 30 ደቂቃ። ራጅ ክፍል ወረፋ ካለ መንገድ ላይ ታልቃለች። ኦክስጅን አምራች ማሽን ላይ ያለ በሽተኛ ካለም አጠገቡ የተገጠመ ሲሊንደር ይቁም፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ማሽኑ ዝም ነው የሚለው።

2. የቀረውን ፈትሹ

ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የአምቡ ባጉን መውጫ በመዳፋችሁ ዘግታችሁ ጭመቁት፤ ከተጨመቀ ያፈሳል ማለት ነው። የሳክሽኑን (ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚስበውን ማሽን) ቱቦ እጠፉትና ጠቋሚው ከፍ ማለቱን እዩ። የቃሬዛውን ፍሬን፣ የሞኒተሩን ባትሪ፣ የስኳር መለኪያውን ወረቀት የአገልግሎት ቀን ተመልከቱ።

3. ትንፋሽን በእውነት ቁጠሩ

መዝገብ ብትገልጡ የአገሩ በሽተኛ ሁሉ በደቂቃ 20 ይተነፍሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማንም አልቆጠረም። ሙቀቱንና የልብ ምቱን ማሽን ይሰጠናል፤ ትንፋሽ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሽተኛው መዳከሙን ቀድሞ የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የእጁን አንጓ የልብ ምት እንደምትቆጥሩ ሆናችሁ ያዙ፤ እንደሚቆጠርበት ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ዓይናችሁ ደረቱ ላይ፣ ሕፃን ከሆነ ሆዱ ላይ ይሁን። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ዕረፍት ላይ ላለ ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ነው፤ ከ30 ካለፈ መጻፉ አይበቃም፣ ድምፅ አውጥታችሁ ሐኪሙን ጥሩ።

የኦክስጅን መጠን የሚለካውን መሣሪያ ጣት ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ጥፍሩን እዩ። እኛ ጋ ሂና የተቀቡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የጠቆረ ሂናም ሆነ የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ያልተቀባ ጣት ፈልጉ፤ ከታጣ መሣሪያውን በጎን አዙሩ። የቀዘቀዘ እጅም ያሳስታል፣ መጀመሪያ አሙቁት። የደም ግፊት ስትለኩ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ አትጠቀሙ፤ ያልነበረ ግፊት ታሳያላችሁ። ራሱን የሳተ ሁሉ ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ ይለካ። አፉ አረቄ አረቄ ቢልም ይለካ፤ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወዲያው ተናገሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ናቸው ለበሽተኛው ቀለም የሚሰጡት። በደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ (ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን የመለያ) መመዘኛ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። የፈጠራ 20 ጽፋችሁ ቀዩን ሰው አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ።

ቋንቋም የሥራ መሣሪያ ነው። አማርኛ ብቻ ይዞ ጅማ ድንገተኛ ክፍል መግባት ግማሹን በሽተኛ ሳይሰሙ መዋል ነው። ቢያንስ «ኤሳቱ ኢሲን ዹኩባ?» ብላችሁ የት እንደሚያማቸው መጠየቅ ልመዱ። አባትየው በጣታቸው ያሳዩዋችኋል።

4. ኢሲጂ ስታነሱ

የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው በዚህ ማሽን ላይ የእጅና የእግር ገመዶች ቀለም ጀማሪን ያደናግራል። እኔ የማስታውሰው በሰንደቅ ዓላማችን ነው፤ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ቀይ ቀኝ እጅ፣ ቢጫ ግራ እጅ፣ አረንጓዴ ግራ እግር። የተረፈው ጥቁር ለቀኝ እግር ነው። በአሜሪካ የቀለም ሥርዓት የተሠሩ ማሽኖች ላይ ግን ይህ ስለማይሠራ ገመዱ ላይ የተጻፈውን ፊደል ተመልከቱ። ሴት በሽተኛ ከሆነች መጋረጃው ይዘጋ፣ ነጠላዋ ወይም ሻሿ ከጎኗ ይቀመጥ፤ የማያስፈልገው ገላ አይገለጥ።

5. ልብ ሲቆም

ደረት የሚጫነው ብዙ ጊዜ ቴክኒሻኑ ነው። አልጋው ከፍ ካለ በርጩማ ላይ ውጡ፤ ክንዳችሁ ሳይታጠፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ትንፋሽ የሚሰጠው በአምቡ ባግ ከሆነ 30 ጊዜ ተጭናችሁ ለ2 ትንፋሽ ቁሙ። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። «አልደከመኝም» የሚል ሰው አትስሙ፤ የደከመ ክንድ ጥልቀቱን ሲቀንስ ባለቤቱ አያውቀውም።

6. አስታማሚውና ዕቃው

አንድ በሽተኛ ስምንት አስታማሚ አስከትሎ ይመጣል፤ ጎረቤት ሲታመም ቤቱ የሚቀር የለም። አትቆጡ። ከመካከላቸው የረጋውን መርጣችሁ ካርድ ክፍል ላኩት፣ አንዱን በሽተኛው አጠገብ አስቀሩ። «ይድናል» አትበሉ፤ መርዶም አትናገሩ፣ ሁለቱም የሐኪሙ ድርሻ ናቸው። ከኪስ የወጣ ገንዘብ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ ይመዝገብ።

ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣ ሰው ልብሱ ራሱ መርዝ ነው። ጓንት አድርጋችሁ አውልቁት፣ በፕላስቲክ ቋጥሩት፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ መስኮቱም ይከፈት።

7. ማስረከብ

የመርፌ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ከሞላ ዝጉት። ቃሬዛውን በ0.5 በመቶ ክሎሪን አጽዱ፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ከዚያ መጪውን ተረኛ ሲሊንደሩ ጋ ውሰዱት፣ ጠቋሚውን ራሱ ያንብበው፣ ፋሻው ላይ የታሰረውን ቁልፍም በእጁ ይንካው።