ከቆቦ ሽንኩርት እስከ ደሴ ሱቅ፤ የንግድ ሐሳብ እንዴት ምርት ይሆናል?

የካቲት ሲጋመስ ከቆቦና ከጊራና መስኖ የሚወጣው ሽንኩርት ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢ ያጣው ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ያንኑ ሽንኩርት በውድ የሚፈልግ ሞልቷል። ይህን የማያውቅ የወሎ ነጋዴ የለም፤ «አድርቀን ብንሸጠውስ?» ያለም ብዙ ነው። ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ የሚቀረው ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማሽን ስለሚገዛ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሽንኩርቱን ለምሳሌ ይዞ ይሄዳል። የደላንታን ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) አለስልሶ ለመሸጥ፣ የላስታን ነጭ ማር ለማሸግ ወይም የደጋውን የበግ ሱፍ ከባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ሌላ ነገር ለማድረግ ላሰበ ሰውም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ሐሳቡን ካለበት ይልቀሙ

አዲስ ሐሳብ ሦስት ቦታ ይገኛል፤ የሚጣል ነገር ባለበት፣ ሰው ተሰልፎ ወይም ቆሞ በሚጠብቅበት፣ ሰው ችግሩን በራሱ ብልሃት በሚያልፍበት። ትንሽ ደብተር ይያዙና ለሁለት ሳምንት ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ ምን ታየ፣ ማን ላይ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ሰውየው አሁን ምን እያደረገ ያልፈዋል። መፍትሔ በዚህ ደብተር ውስጥ አይጻፍም። መፍትሔ ቶሎ የጻፈ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው መፍትሔውን የሚደግፈውን ብቻ ነው።

የት ይዙሩ? ባቲ ሰኞ ገበያ ደገኛውና ቆለኛው፣ የአፋሩ ግመል ነጂና የከተማው ነጋዴ የሚገናኙበት ስለሆነ የጎደለው ነገር እዚያ ቶሎ ይታያል። የደሴ መናኸሪያ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የምሳ ሰዓት፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍም እንዲሁ።

ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጣል። በራሱ ብልሃት ችግሩን የሚያልፍ ሰው በጉልበቱና በጊዜው እየከፈለ ነው። ለምሳሌ በርበሬና ምጥን ሽሮ የምታዘጋጅ ሴት ሽንኩርቱን ልጣ፣ ከትፋ፣ ሰሌን ላይ አስጥታ፣ ዶሮና አቧራ ስትከላከል፣ ደመና ሲመጣ እየሰበሰበች ትውላለች። የቆቦ ትርፍ ሽንኩርትና የዚህች ሴት ድካም በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ሲወድቁ ሐሳቡ ተገኘ ማለት ነው።

2. ያጣሩ

አሥር ሐሳብ ከተመዘገበ ስምንቱን መጣል ያስፈልጋል። አራት ጥያቄ ይበቃል። የሚከፍለው ሰው በስም ይታወቃል? በዓመት ስንት ጊዜ ይገዛል? ጥሬ ዕቃው ሲጠፋ ምን ይደረጋል? በወር ደመወዝ በማይበልጥ ገንዘብ ሊሞከር ይችላል? ለአራተኛው መልሱ «አይ» ከሆነ ሐሳቡ መጥፎ ባይሆንም ለጀማሪ አይሆንም። የጎደለው ዕውቀት ከሆነ ብቻ አይጣሉት፤ ስለ ሰብል ዝርያ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን፣ ስለ መሣሪያ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይቻላል።

3. ያለፈውን ይጠይቁ

«እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ይገዛሉ?» የሚለው ጥያቄ ወሎ ውስጥ ፈጽሞ አይሠራም። ሰዉ እንግዳ ማሳፈር አይወድም፤ ቡና አፍልቶ፣ «አላህ ያሳካው»፣ «እግዜር ይርዳህ» ብሎ መርቆ ይሸኛል። የመረቀ ሁሉ ግን አይገዛም።

ያለፈ ነገር ሲጠየቅ ግን ይሉኝታ ቦታ የለውም። «እትዬ፣ ባለፈው በርበሬ ያስፈጩት መቼ ነበር? ሽንኩርቱን ማን ላጠው? ስንት ቀን ፈጀ? የተበላሸ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ስለ ምርትዎ አንድም ቃል አይተንፍሱ። ሃያ ያህል ሰው በቂ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ሃያ ይሁኑ። አምስት የቤት እመቤት፣ አምስት ምግብ ቤት፣ አምስት ባለ ሱቅ፣ አምስት ባልትና አዘጋጅ ከተቀላቀሉ የማንም መልስ አይጠራም።

የሽንኩርት ዱቄትን ሐሳብ የሚያድነውም የሚገድለውም ይህ ደረጃ ነው። የቤት እመቤት ለወጥ ቁሌት የምትፈልገው የሽንኩርቱን ብዛት ነው፤ ዱቄት ድስት ላይ ቶሎ ያርራል እንጂ ወጥ አያወፍርም። ስለዚህ «ለእያንዳንዱ ቤት» የሚለው ህልም እዚህ ይሞታል። ባልትና አዘጋጇ ግን ሽንኩርቱን የምትፈልገው ደርቆ ነው። የረመዳን ሾርባ የሚያዘጋጅ ምግብ ቤትም ይከተላል።

4. ከመሥራትዎ በፊት ይሽጡ

አሥር ኪሎ ሽንኩርት በቤት ውስጥ አድርቀው 700 ወይም 800 ግራም ያውጡ። በ35 ግራም ከፋፍለው ለጠየቋቸው ሰዎች ያድርሱ፤ በሳምንቱ ተመልሰው ዋጋ ይንገሩና ለሚቀጥለው ዙር ቀብድ ይጠይቁ። ከሃያው አምስት ሰው ቀብድ ከሰጠ ይቀጥሉ። ሁለት ብቻ ከሰጠ ዋጋውን ወይም ገዢውን ይቀይሩ። ማንም ካልሰጠ የወጣው አሥር ኪሎ ሽንኩርት ብቻ ነው፤ ደብተሩ ላይ ሌላ ሐሳብ አለ።

ጊዜውንም ይመልከቱ። በዐቢይ ጾም ሽሮ፣ በረመዳን ሾርባ ስለሚገፋ በዚያ ወቅት ብቻ የተደረገ ሙከራ ያታልላል። አንዱን ሙከራ በጾም፣ ሌላውን ከጾም ውጭ ያድርጉ።

5. የሙከራ መሣሪያ

ለመጀመሪያው ዓመት የፀሐይ ማድረቂያ ይበቃል። የእንጨት ቆጥ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላይ የፀሐይ ጨረር የሚችል የግሪንሃውስ ፕላስቲክ ይልበስ፤ በታች በኩል አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ጫፍ ማስወጫ ይኑረው፤ ሁለቱም በወንፊት ይሸፈኑ። ብዙ ሰው ሙቀት እንዳያመልጥ ብሎ ማስወጫውን ይደፍነዋል። የሚያደርቀው ግን ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የሚወጣው አየርም ጭምር ነው፤ ሲደፈን እንፋሎቱ ፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ይመጣል።

ሽንኩርቱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይከተፍ። ወፍራምና ቀጭን ከተደባለቀ ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ በላይ አይሰጣ። 100 ኪሎ ጥሬ ሽንኩርት ተልጦ 88 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 22 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ ማለትም 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ 11 ማስጫ። መረቡ የምግብ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ውስጡ ቴርሞሜትር ይንጠልጠልና ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይጠበቅ፤ ከዚያ በላይ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይጠፋል።

መድረቁን በትኩሱ አይፍረዱ። የሞቀ ሽንኩርት የደረቀም ቢሆን እንደ ቆዳ ይለመጣል፤ ጥላ ላይ ቀዝቅዞ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። ከዚያ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ከድነው ያሳድሩት፤ ጠዋት ግድግዳው ላይ ላብ ካለ ወደ ማስጫው ይመለስ። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ላይ አይፍጩት፤ የሚያቃጥል ሽንኩርት ሾርባ ቤቱ አይቀበልም።

6. ሒሳቡ

የሚከተለው ስሌት ለማሳያ ነው፤ ዋጋዎቹን በዕለቱ ገበያ ይተኩ። ጥሬው በኪሎ 25 ብር ሲሆን 100 ኪሎ 2,500 ብር። ልጣጭና ክትፊያ ሦስት የሰው ቀን በ300 ብር፣ 900። ማጓጓዣ 300። ወፍጮ 80። 8 ኪሎ ዱቄት ይወጣል፤ በ100 ግራም 80 ከረጢት፣ ማሸጊያው በ6 ብር 480። ድምሩ 4,260 ብር። ለብልሽት 10 በመቶ ሲጨመር 4,686፤ አንዱ ከረጢት 58 ብር ከ58 ሳንቲም። ለሱቅ በ75 ቢሰጥ ከእያንዳንዱ 16 ብር ከ42 ሳንቲም ይቀራል። የወር ኪራይ 4,000፣ የራስዎ ደመወዝ 6,000፣ መብራትና ስልክ 500 ከሆነ 10,500 ብር ለመሸፈን በወር 640 ከረጢት መሸጥ አለበት። የራስዎን ደመወዝ ከሒሳቡ አያውጡ፤ ብዙ ሰው «አተረፍኩ» የሚለው በነፃ ስለሠራ ነው።

አሁን ጥሬው 60 ብር ሲገባ ያስሉት። የከረጢቱ ወጪ ወደ 107 ብር ገደማ ይወጣል። በክረምት ገዝቶ ማድረቅ ኪሳራ ነው፤ ገዢው ግን ዱቄቱን አብዝቶ የሚፈልገው ጥሬው ሲወደድ ነው። እንግዲህ ይህ ንግድ ከማድረቅ ይልቅ ማከማቸት ነው። ለስምንት ወር በወር 640 ከረጢት ለመሸጥ 512 ኪሎ ዱቄት፣ ማለትም 64 ኩንታል ጥሬ ሽንኩርት ይፈልጋል፤ ጥሬው ብቻ 160,000 ብር። አንድ ዙር ሦስት ቀን ከወሰደና ጥሬው የሚረክስበት ወቅት 70 ቀን ከሆነ አንድ ማድረቂያ 23 ኩንታል ብቻ ያደርቃል፤ ሦስት ማድረቂያ ያስፈልጋል። ይህን ሳያሰሉ ከሱቆች ጋር ውል መግባት ሐምሌ ላይ ባዶ መጋዘን ያሳቅፋል።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው በአንድ ወቅት ተጠራቅሞ ስለሆነ ብድር ብቻ አይጠብቁ። ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነ ዕጣው የካቲት ላይ እንዲደርስዎ ከዳኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት በሚሰጡ ባንኮች ስለ ሙራባሃ ይጠይቅ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ በዱቤ የሚሸጥበት ነው። የቅሬ (የዕድር) ገንዘብ ግን አይነካም።

7. ማሸግና ከፍታ

የተፈጨ ሽንኩርት እርጥበት ስቦ ይጋገራል። ስለዚህ ክምችቱ ሳይፈጭ እንደተከተፈ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚፈጨው ለአንድ ወር የሚበቃው ብቻ ነው። ስስ ፌስታል አይሆንም፤ ድርብ ላሚኔት (ሁለት ሽፋን ተጣብቆ የተሠራ ማሸጊያ) ይጠቀሙ። እሽጉን ውሃ ውስጥ ነክረው ይጫኑት፤ አረፋ ከወጣ ማሸጊያው በደንብ አልሞቀም ወይም አፉ ላይ ዱቄት አለ።

ወሎ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ቆቦ የታሸገ ከረጢት ደሴ ሲደርስ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ይነፋል፤ ባለ ሱቁም ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ሲያሽጉ አየሩን ጨምቀው ያውጡ፤ ወይም ማሸጊያውን ደሴ ላይ ያድርጉ። ከሽንኩርት ይልቅ የቲማቲም ድልህ ላሰበ ሰውም፣ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከቆላ የመጣ የመቀቀያ ሰዓት እንዳለ አይሠራም፤ መራዘም አለበት።

ከእያንዳንዱ ዙር ሦስት ከረጢት ያስቀሩ፤ አንዱን ቆርቆሮ ሥር ሙቀት ላይ፣ አንዱን እርጥበት ያለበት፣ አንዱን ደረቅ ቦታ። በየወሩ ይክፈቷቸው። የማብቂያ ቀን የሚጻፈው ከዚህ ነው።

8. ወረቀቱ

ቤት ከመከራየትዎ በፊት ለምግብ ማምረቻ የሚጠየቀውን የወለል፣ የውሃና የመፀዳጃ መስፈርት በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከተከራዩ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ውድ ነው። ብቻዎን ከሆኑ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። የንግድ ምልክትዎን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃው 7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ማድረቂያውን በእውነት አሻሽለው ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 «አነስተኛ ፈጠራ» በሚለው ሥር ለ5 ዓመት ማስጠበቅ ይቻላል። ሽንኩርት ማድረቅን ራሱን ማንም በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም፤ ጎረቤትዎ ነገ ሊጀምር ይችላል።

9. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በደሴ ሰኞ ገበያና ፒያሳ አካባቢ ካሉ ሱቆች ከአሥር አይበልጡ። ባለ ሱቆች «አስቀምጠውና ሲሸጥ እንከፍልሃለን» ይላሉ። ይህን ለሁለት ሳምንት ብቻና ለስድስት ከረጢት ብቻ ይቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ የድሮው ሳይከፈል አዲስ አይሰጥም። ዱቤ ላይ ያለ ዕቃ የተሸጠ አይደለም፤ በደብተር ለብቻው ይያዝ።

በየሳምንቱ የሚቆጠረው ስንት ተሸጠ የሚለው አይደለም፤ ሁለተኛ ጊዜ ያዘዘው ስንት ነው የሚለው ነው። አዲስ ነገር ሁሉ አንዴ ይሞከራል። በቀጥታ ከገዙዎት አሥር ባልትና አዘጋጆች ሰባቱ በወሩ ሳይጠየቁ ከደወሉ ሁለተኛውን ማድረቂያ ይሥሩ። ሦስት ብቻ ከሆኑ ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ለቀሩት ሰባት ይደውሉና ከረጢቱ አሁን የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ። ሳይከፈት ከቆየ ያልተወደደው አጠቃቀሙ ነው፤ ተከፍቶ ከተጋገረ ማሸጊያው ነው፤ አልቆ ካልታዘዘ ዋጋው ነው።