የፎቶ ጥግ ሲጠቁር

ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያለበት ፎቶ ላይ አራቱ ጥጎች ጠቆር ብለው አይታችሁ ይሆናል። ሌንሱ ወደ ዳር የሚያደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ ነው። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) በሰፊው ሲከፈት ይብሳል። 50 ሚሊሜትር ሌንሳችሁን ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 4 ብታጠቡት (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) አብዛኛው ይጠፋል። በቂ ብርሃን ካለ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ የሚሰጠውን የተለመደ የፎቶ ፋይል) ብቻ የምታነሱ ከሆነ የካሜራውን ማስተካከያ አብሩት። ኒኮን ላይ "ቪኜት ኮንትሮል"፣ ካኖን ላይ "ፔሪፈራል ኢሉሚኔሽን ኮሬክሽን" ይባላል። ሰርግ አንስቶ በማግስቱ ፎቶ ለሚያስረክብ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ሮው (ካሜራው ያላቀናበረውን ጥሬ ፋይል) ለሚያነሳ ግን እኔ ኮምፒውተሩን እመርጣለሁ። የካሜራው ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ ሮው ፋይሉን አይነካውም፤ ደግሞም መጠኑን በራሳችሁ ዓይን መወሰን ትችላላችሁ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ "ሌንስ ኮሬክሽንስ" ውስጥ ገብታችሁ "ኢኔብል ፕሮፋይል ኮሬክሽንስ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ጥጉ ከሚገባው በላይ ከበራ "ቪኜቲንግ" የሚለውን ወደ ግራ ሳብ ማድረግ ነው።

አደራ፣ ካሜራው ያስተካከለውን ጄፔግ በሶፍትዌር አትድገሙት። እኔ አንዴ ደግሜው የሙሽሪት ፎቶ ጥጉ ከፊቷ በልጦ ነጣ፤ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ማታ በአይኤስኦ 3200 (የካሜራውን የብርሃን ትብነት ከፍ አድርጋችሁ) ያነሳችሁትንም ጥጉን አቅርባችሁ እዩት። ጨለማው ሲበራ የተደበቀው ኖይዝ (ፎቶውን የሚያሻክረው ነጠብጣብ) አብሮ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ግማሹን ብቻ አስተካክሉና ተዉት።