ከጉሮሮ ሕመም እስከ ልብ፦ ለወላጆችና ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያት አልፎ እስከ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉት ሰፈሮች፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጁ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ በየፎቁ ቆሞ ማረፍ ከጀመረ፣ ቫልቭ የሚባሉት የልቡ በሮች ከተጎዱ ቆይተው ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዓመታት በፊት ከነበረ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ስለዚህ በዚህ አካባቢ በነርስነት ካየሁት ተነሥቼ የምጽፈው መመሪያ ከጉሮሮ ይጀምራል።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የቶንሲል ሕመም ድንገት ይይዛል። ልጁ ያተኩሳል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፣ አንገቱ ላይ ሲነካ የሚያም ንፍፊት ይወጣል፣ ቶንሲሉም ላይ ነጭ ነገር ሊታይ ይችላል። ሳልና ንፍጥ ካለ ወይም ድምፁ ከሻከረ ግን መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ባክቴሪያው ነው ከተባለ ሕክምናው አንድ ጊዜ የሚወጋ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ሲሆን፣ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ በልብ ላይ የሚመጣውን መዘዝ ይከላከላል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብሎ የቀረውን ኪኒን ለታናሹ ማስቀመጥ የተለመደ ነውና፣ እባካችሁ 10ሩን ቀን አስጨርሱ። እንጥል ማስቆረጥ ደም ከማፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ከማስከተል በቀር ከዚህ በሽታ አያድንም።

ጉሮሮው ሳይታከም ካለፈ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ፣ ልብና አንዳንዴም አንጎል ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ዋና ምልክቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከክርን ወደ እጅ አንጓ የሚዘዋወር፣ እብጠት ያለው ቁርጥማት ነው። ብርድ መታው ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አስፒሪን አትስጡት፤ እነዚህ መድኃኒቶች እብጠቱን ፈጥነው ስለሚያጠፉት ሐኪሙ ሊያየው የሚገባው ምልክት ይሰወርበታል። ልጁ እስኪመረመር ድረስ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። በአንዳንድ ልጆች፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ከወራት በኋላ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ እስክሪብቶ ይወድቅባቸዋል፣ የእጅ ጽሑፋቸው ይበላሻል፣ ሲተኙ ግን እንቅስቃሴው ይጠፋል። ልጅቷን ቡዳ በላት ከማለት በፊት ልቧን ማስመርመር ይገባል።

ምርመራን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ኤኤስኦ የተባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ ሩማቲክ አለብህ ተብለው ለዓመታት መርፌ የተወጉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ምርመራ ሰውየው ባክቴሪያው እንደያዘው ይጠቁማል እንጂ ልቡ መታመሙን አያሳይም። ሐኪሞች የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣውና በ2015 በተሻሻለው የጆንስ መስፈርት ሲሆን፣ ይህም የመገጣጠሚያውን፣ የልቡንና የሌሎቹን ምልክቶች ከደም ምርመራው ጋር አያይዞ ይመዝናል። የተሻሻለው መስፈርት በሽታው የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ እንዲነሣ ያዛል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጽፍላችሁ ኢኮውን ሳታስነሡ አትመለሱ።

የልብ በር መጎዳቱ ከታወቀ ዋናው ሥራ ፔኒሲሊኑን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ሳያቋርጡ መወጋት ነው። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ ሥራው አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን መጥቶ በሩን ይበልጥ እንዳያበላሸው መከላከል ነው። ለውጥ አላየሁበትም ብለው የሚያቋርጡ ሰዎች ይህን ባለመረዳት ይጎዳሉ። ሩማቲክ ትኩሳት ይዞት ልቡ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የተነካ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ክፉኛ የተጎዳ ደግሞ እስከ 40 ዓመት ዕድሜው ወይም ዕድሜ ልኩን ሊወጋ ይችላል፤ ማብቂያውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ቀኑን ስትቆጥሩ በወር አትቁጠሩ። አንዲት እናት ቀኑን እንዳትረሳ ብላ ልጇን በየወሩ በሚካኤል ዕለት ታስወጋት ነበር፤ እኔም ትጋቷን እያደነቅሁ ስሕተቱን ለረጅም ጊዜ አላስተዋልኩም። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ 2 ቀን ያልፋል፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን መሐል ስለምትገባ ክፍተቱ 35 ቀን ይደርሳል፤ ያውም ጉንፋንና ቶንሲል በሚበዛበት በክረምቱ መውጫ። ይልቅ አንድ የሳምንት ቀን ምረጡ፤ ማክሰኞ ከሆነ በየአራተኛው ማክሰኞ ይሁን። ጠበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከመርፌው ጋር አይጣላም፤ ለሳምንታት ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ካርዱን ይዞ ሄዶ በዚያ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ይወጋ። ልጁ ምግብ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ይወጋ። በሩ በጣም የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ሕመምተኛ በመርፌው ጊዜ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ሐኪሙ በኪኒን ሊተካለት ይችላልና ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በተጎዳ በር ላይ ሌላ ባክቴሪያ ከደም መጥቶ ሊቀመጥበት ይችላል፤ ይህም ኢንዶካርዳይተስ ነው፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊንም አይከላከለውም። የልብ በር ሕመም ያለበት ሰው ለቀናት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካየ፣ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ አይዋጥ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከተለያየ ቦታ ሦስት ጊዜ ደም ተወስዶ ካልቸር የሚባለው ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ መሠራት አለበት፤ ቀድሞ የተዋጠ ኪኒን ባክቴሪያውን ከምርመራው ይሰውረዋል። ሕክምናው ሆስፒታል ተኝቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ጥርስን በብሩሽም በመፋቂያም በየቀኑ ማጽዳት ይጠቅማል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ወይም ይህ ኢንፌክሽን ከዚህ በፊት ይዞት የነበረ ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል።

ከልብ በር ሕመም ሌላ፣ የልብ ሽፋንና የልብ ጡንቻ መቆጣትን በአጭሩ ላንሣ። የልብ ሽፋን ሲቆጣ የደረት ሕመሙ በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ ይቀላል፤ በአገራችን ከመንሥኤዎቹ አንዱ ቲቢ በመሆኑ፣ በሽፋኑ ውስጥ ውኃ ከተገኘ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። የልብ ጡንቻ ሲቆጣ ደግሞ መንሥኤው በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሮጡ ወጣቶች ከጉንፋን በኋላ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን መሳት ካዩ ሩጫውን አቁመው ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምት ምርመራ ይነሡ። ሕመሙ ከተረጋገጠ ዕረፍቱ ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል።

ሕመምተኛው በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተኝቶ መቆየት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስም ትራስ ደግፋችሁ አስቀምጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን በጎኑ አስተኙት፤ የኢኮውን ውጤትና የመርፌ ካርዱንም አብራችሁ ያዙ።